ለትርንጎ ትንፋሽ ስል ያጠብሁት ባናሽ

ይድረስ ለባለቤቴ ለየሻረግ፣ በሰላም ካረፍሽበት።

ዛሬ ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድና ግልጽ ነው፤ ባናሽን፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስሽን፣ ሳላስፈቅድሽ አጥቤዋለሁ። ለምን እንዳጠብሁት ከመነሻው ላስረዳሽ፣ ቀጥሎም ስለዚሁ ባና አንድ ጥያቄ ላቀርብልሽ እወዳለሁ። በሕይወት ሳለሽ ያለ ምክንያት ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም፤ አሁንም ልማዴን አልለወጥሁም።

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሙት ዓመትሽን ባለፈው ሰኔ ዘከርን፤ ካህናቱ ጸሎቱን አደረሱ፣ ጎረቤቱም መርቆን ሄደ። ቤቱ እንደ ተውሽው ነው ብልሽ እዋሻለሁ። የጓሮው ጌሾ ያለ ልክ ረዝሞ አጥሩን አልፏል፤ መቍረጫውን ጊዜ የምታውቂው አንቺ ነበርሽ። የማርያም ማኅበርተኞችሽ ተራሽን አላጠፉብሽም። ጽዋው በስምሽ ይዞራል፤ ተራሽ ሲደርስ የማስተናግደው እኔ ነኝ። ሴቶቹ ወጡን ቀምሰው እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አያለሁ፤ ጨው እንደ በዛበት ይገባኛል፤ አንዳቸውም ግን አይናገሩኝም። አስተማሪ ሆኜ ያስፈራኋቸው ይመስለኛል።

ልብስሽን እንደ ወጉ በአርባሽ ለነዳያን ሰጥቻለሁ። ነጠላሽን፣ ጥልፍ ቀሚስሽን፣ መቀነትሽን ሁሉ። ያስቀረሁት ባናውን ብቻ ነው። በፈረስ ቤት ከተማ በማስተምርበት ዘመን፣ የደጋው ብርድ እንዳይጎዳሽ ብዬ ከበግ ጠጉር ያሠራሁልሽን ማለቴ ነው። አልጋሽ ላይ እንደ ነበረ ተውሁት። እንዳይራገፍ፣ ፀሐይ ላይ እንዳይሰጣ፣ እንዳይታጠብም አዘዝሁ። የጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ «መምህር፣ ይህ እኮ ልብስ ነው፤ ታቦት አይደለም» ብላ ተናግራኝ ነበር፤ እኔ ግን ከቦታው አላነሣሁትም። የራስሽ ቅቤና የአሪቲሽ ሽታ አለበት ብዬ ነው። ጧት ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ በክፍልሽ ደጃፍ አልፌ፣ ባናው በቦታው መኖሩን አይቼ እሄድ ነበር። ከዚህ በላይ ምንም አላደረግሁም፤ አንቺም ከዚህ በላይ ማልቀስን አትወጂም ነበር።

አሁን ወደ ልጃችን ልምጣ። ትርንጎ ነፍሰ ጡር ናት። እግዚአብሔር ከፈቀደ በጥምቀት ሰሞን ትወልዳለች። ይህን ሳታዪ መሄድሽ በጣም ይቆጨኛል፤ ስንት ዓመት በስለት የጠበቅሽው ነገር ነውና።

አፍንጫዋን ታስታውሻለሽ። ሕፃን ሳለች ገበዝ ማርያም ከአባትሽ ዘንድ ለመኸር ስንሄድ፣ እህሉ ተወቅቶ እብቁ በነፋስ መነሣት ሲጀምር ማስነጠስ ትጀምር ነበር። ዐይኗ ይቀላል፤ ፊቷ ያብጣል። አንቺ ነጠላሽን አጥፈሽ አፍና አፍንጫዋን ትሸፍኛትና ከዐውድማው ርቃችሁ ትቀመጡ ነበር። አባትሽም «ይቺ ልጅ እንጀራውን ስትበላ አታስነጥስ፤ እህሉ ሲወቃ ብቻ!» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ያ አፍንጫ ካደገችም በኋላ አልተዋትም፤ በእርግዝናዋ ደግሞ ባሰበት። ሐኪሞቹ አለርጂና ሳይነስ ይሉታል። አማርኛ ልፈልግለት ሞክሬ ነበር፤ አላገኘሁም፤ እኔም እንደ እነርሱ መጥራት ጀምሬያለሁ።

ቡሬ ከባለቤቷ ከደሳለኝ ጋር በምትኖርበት ቤት እህል ይከማቻል፤ ሥራው ንግድ ነውና። የበቆሎ አቧራ አለ። በርበሬው ደግሞ በየደጁ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። በኅዳር መጀመሪያ ልጠይቃት ስሄድ አፍንጫዋ ተዘግቶ፣ በአፏ ስትተነፍስ አገኘኋት። ወዲያው ፈረድሁ፤ ሕመሙ ከአቧራው ነው፤ ልጅቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ትምጣ አልሁ። የበኵር ልጅ በእናት ቤት መወለዱም ወጋችን ነው። ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ በትሕትና «አባባ፣ እናቷ በሌሉበት እንዴት ይሆናል? ማን ይይዛታል?» አለኝ። እኔም «እናቷ ባትኖር ቤቷ አለ፤ አልጋዋም አለ» ብዬ መለስሁለት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም። ሻንጣዋን እስከ ሚኒባሱ ድረስ ተሸክሞ ሸኘን።

አምጥቼም በአልጋሽ ላይ አስተኛኋት። ባናሽን በገዛ እጄ አለበስኋት። የእናትን ነገር ሁሉ ላደርግላት ስለማልችል፣ ቢያንስ የእናቷ ልብስ ያሙቃት ብዬ ነበር። ስታየው ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ በደስታ መሰለኝ።

ሕመሟ ግን ጸና። ቡሬ ሳለች ቀን ቀን ይሻላት የነበረው እዚህ ቀንም ሌሊትም ሆነባት። ግንባሯንና ጉንጮቿን ከውስጥ ይወጋታል፤ ጧት ስትነሣ በተከታታይ ታስነጥሳለች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ነው የምታስነጥሰው። እንቅልፍ ስለ አጣች ምግብ ዘጋት። በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ላይ ያለች ሴት እንዲህ ስትከሳ ማየት ምን ያህል እንዳስፈራኝ አልደብቅሽም። አንቺን አፈር ካለበስሁ በኋላ የቀረችኝ እርሷ ብቻ ናት።

እትዬ ማንጠግቦሽ መጣችና «ምች ነው የመታት። መምህር፣ እርስዎ ደብተርዎን ያርሙ፤ ይህን ለኔ ይተዉልኝ» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማርመው ደብተር እንደሌለ እያወቀች ነው። ዳማከሴ ጨምቃ፣ ፌጦም ወቅጣ አምጥታ ነበር። ፌጦውን መለስሁት፤ ነፍሰ ጡር ፌጦ አትቀምስም ስትዪ ስንት ጊዜ ሰምቼሻለሁ። ዳማከሴውንም ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም አልሁ። አኵርፋ ሄደች፤ በማግሥቱ ግን የገንፎ ገብስ ፈትጋ ይዛ መጣች። ማንጠግቦሽ እንደምታውቂያት ናት።

ደሳለኝም ከቡሬ ለጥየቃ ሲመጣ ከመድኃኒት ቤት የአፍንጫ ጠብታ ገዝቶላት ነበር። ሁለቱንም ይዤ፣ ማለትም ልጅቱንና ጠብታውን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። አዋላጇ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ትናገራለች። ጠብታውን አየችና በእርግዝና ወቅት እንዲህ ያለው ሐኪም ሳያዝዝ እንደማይወሰድ፣ ሲዘወተርም አፍንጫን መልሶ የሚዘጋ እንደሆነ ነገረችን። እርግዝናው ራሱ የአፍንጫን ውስጥ እንደሚያሳብጥ፣ ብዙ እናቶች እንደሚቸገሩበት፣ ከወለዱ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ እንደሚለቃቸው አስረዳችን። ፈልቶ በበረደ ውኃ ጨው በጥብጣ አፍንጫዋን እንድትታጠብ፣ ራሷን ከፍ አድርጋ እንድትተኛ፣ ከጢስና ከአቧራ እንድትርቅ መከረቻት። ትኵሳት ከመጣ፣ ንፍጡ ወፍሮ ቢጫ ከሆነና የፊቷ ሕመም ከባሰ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ሳንውል ሳናድር እንድንመለስ አስጠነቀቀችን።

ከዚያም ጠየቀቻት። «የምትተኚው ምን ለብሰሽ ነው?»

ትርንጎ ወደ እኔ አየት አደረገችና «ብርድ ልብስ» አለች። እኔም የተጠየቀችውን የመለሰች መሰለኝ።

የጨውን ውኃ ማታ ማታ የማዘጋጀው እኔ ሆንሁ። አፈላዋለሁ፣ አበርደዋለሁ፣ በንጹሕ ኩባያ አቀርብላታለሁ። ትራስም ደራርቤ ራሷን ከፍ አደረግሁላት። ይህን ሳደርግ ፈረስ ቤት ትዝ አለኝ።

አንቺስ ታስታውሻለሽን? ትርንጎን በፀነስሽበት ዘመን አንቺም አፍንጫሽ እየተዘጋ ትቸገሪ ነበር። ያን ጊዜ አለርጂ የሚል አልነበረም፤ የደጋ ብርድ ነው ተባለ። ጋደም ስትዪ ትታፈኛለሽ፤ ቀና ስትዪ ይለቅሻል። ትራስ ብዙ አልነበረንም። እኔ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር ሳርም፣ አንቺ ከኋላዬ በአልጋው ጠርዝ ተቀምጠሽ፣ ባናውን ተከናንበሽ፣ ጀርባዬን ተደግፈሽ እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር። ቀይ ቀለሜ ሲያልቅ ሌላውን ለማምጣት አልነሣም፤ ብነሣ ትወድቂያለሽና። በትንፋሽሽ አወጣጥ እንቅልፍ እንደ ወሰደሽ ዐውቅ ነበር። ወልደሽ ስትነሺ አፍንጫሽ ተከፈተ። ሴቶቹ የጠጣሽው ጸበል ሥራ ነው አሉ፤ አንቺ ግን በአራስ ቤትሽ ሆነሽ «ግማሹ የጀርባህ ነው» ብለሽኛል። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንደዚያች ያለች ምስጋና ከማንም አላገኘሁም።

እኔ ይህን ሳስብ ግን፣ ያሙቃታል ያልሁት ያ ባና የልጅሽን ትንፋሽ ሊወስድ ደርሶ ነበር። የገባኝም እንደዚህ ነው።

አንድ ጧት ኪዳን አድርሼ ከወትሮው ቀደም ብዬ ተመለስሁ። የክፍልሽ በር ገርበብ ብሏል። ትርንጎ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ባናው ከእርሷ ርቆ፣ በማዶው ወንበር ላይ ተወርውሮ ነበር። እርሷ በስስ ነጠላ ተሸፍና፣ በብርድ ተኮራምታ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ አፏ ተዘግቶ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች። በዚያች ሰዓት ያየሁባትን ሰላም ከመጣች ወዲህ አይቼባት አላውቅም። ከዚያ የከዘራዬ ድምፅ ተሰማት። ያን ሁሉ ሆድ ይዛ ተነሥታ፣ ባናውን ከወንበሩ ጎትታ፣ እስከ አገጭዋ ለበሰችው። በር ላይ ስደርስ ማስነጠስ ጀምራለች።

«ይማርሽ» አልኋት።

ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥሁ። «ልጄ፣ ባናው ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

መጀመሪያ «ኧረ ጉንፋን ነው አባዬ» አለች። ባናውን ከአገጭዋ ሳወርድላት ግን አለቀሰች። «እርስዎ የእማዬን ሽታ አጥተው ከሚያዝኑ እኔ ብታፈን ይሻላል ብዬ ነው። ትንሽ ጊዜ ነው የቀረኝ። እችለዋለሁ ብዬ ነው እኮ!»

የሻረግ፣ ይህች ልጅ የአንቺ ልጅ ናት። እኔ ብቻዬን እንዲህ አድርጌ አላሳደግኋትም።

የዚያኑ ዕለት ባናውን አጣጥፌ በትከሻዬ ተሸከምሁና ወደ ላህ ወንዝ ወረድሁ። ማንጠግቦሽ «ይስጡኝ እኔ ልጠበው፤ ሰው ምን ይላል?» ብላ እስከ መንገድ ተከተለችኝ። አልሰጠኋትም። ያ ባና በሌላ እጅ እንዲታጠብ ፈቃዴ አልነበረም። የዱቄት ሳሙና ሽታው የልጅቱን አፍንጫ ስለሚነካ፣ እንደ አንቺ ልማድ እንዶድ ወቅጬ ነበር የያዝሁት።

ከውኃው ዳር ተቀመጥሁ። ከመንከሬ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ላሸትሽ ብዬ ፊቴን በባናው ውስጥ ቀበርሁ። አስነጠሰኝ። ደግሜ ሞከርሁ፤ ደግሞ አስነጠሰኝ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች «ይማርዎ አባታችን!» ብለው ሳቁ። ቅቤም አሪቲም አልነበረም። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሽታሽን እጠብቃለሁ ስል የጠበቅሁት አቧራሽን እንኳ አይደለም፤ የቤቱን አቧራ ነው። በጠርዙ ዘንድ፣ አንገትሽ በሚያርፍበት በኩል ብቻ፣ አንድ ነገር ያለ መሰለኝ። ይኑር አይኑር እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ ያልሆንሁትን መጻፍ አልወድም።

እንዶዱን አፍስሼ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ በድንጋዩ ላይ በእግሬ መርገጥ ጀመርሁ። አንደኛዋ ሴት «ምነው አባታችን፣ ሚስትዎ የት ሄደው ነው እርስዎ የሚረግጡት?» ብላ ቀለደችብኝ። «የእርሷ ነው» አልኋት። «ዐርፋለች።» የቀለደችውም ወደ ውኃው ገብታ መጣች፤ ባናው ውኃ ሲጠጣ ከባድ ነውና በአንዱ ጫፍ ይዛ አጣመመችልኝ። ጥቁር ውኃ ወጣው። ንጹሕ እስኪወጣው ድረስ ደጋገምነው። ስሟንም አልጠየቅኋት፤ ስሜንም አልጠየቀችኝ። ስትለየኝ «ነፍስ ይማር» አለችኝ።

የክፍልሽን ፍራሽ አውጥተን አስጥተነዋል። ወለሉ በውኃ ታጥቧል፤ መስኮቱ ቀን ቀን ይከፈታል። ትርንጎ አሁን የምትለብሰው የታጠበ ጋቢ ነው። ሕመሙ ፈጽሞ አልለቀቃትም፤ እርግዝናው ራሱ አለና ጧት ጧት ታስነጥሳለች። የጨው ውኃውንም አልተወችም። ነገር ግን ትተኛለች፤ ትበላለች፤ ጉንጯም ሞላ ብሏል። አዋላጇም ባለፈው ሳምንት አይታት ደስ አላት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአጠገቧ ሆኜ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ተኝታለች። ትራሱ ስለ ተንሸራተተባት ወንበሬን ከአልጋው አስጠግቼ ትከሻዋን በጀርባዬ ደግፌያለሁ። ስለዚህ ጽሑፌ በአንዳንድ ቦታ ቢጣመም ከእርጅና አትቍጠሪው። ቀለም ቢያልቅብኝም አልነሣም።

ይህ ክፍል አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጸጥ ያለ ነበር፤ ያን ጸጥታ እፈራው ነበር። ዛሬም ጸጥ ብሏል፤ ነገር ግን በጸጥታው ውስጥ የሚወጣና የሚገባ ትንፋሽ አለ።

እንግዲህ ጥያቄዬን ላቅርብ። ባናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። አሁን ምንም አይሸትም። ለትርንጎ ሊመለስ አይችልም፤ ለሚወለደውም አይሆንም። ወደ ፊት በሣጥን ዘግቼ ላኑረው? ወይስ እንደ ሌላው ልብስሽ ለሚበርደው ልስጠው? የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ውኃው ሲወርዱ፣ ከሜዳው አብረው የሚያድሩ አሮጊቶች አሉ፤ ብርዱን ታውቂዋለሽ። አንቺም በዚያ ሜዳ ይህን ባና ለሁለት ተካፍለሽ ከማታውቂያት ሴት ጋር ማደርሽን ነግረሽኛል። እኔ ወደ መስጠቱ አዘነብላለሁ። ነገር ግን ባናው ያንቺ ነው፤ አንድ ጊዜ ሳላስፈቅድሽ ደፍሬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልደፍረውም።

ስለ ራስሽ ግን አትጠራጠሪ። አንቺን ለማስታወስ የበግ ጠጉር እንደማያስፈልገኝ በላህ ወንዝ ዳር ተምሬያለሁ። የማርያም ጽዋሽ ከቤታችን አይታጎልም፤ ጨውንም ከእንግዲህ እጠነቀቃለሁ። ሕፃኑ ወንድም ቢሆን ሴት፣ አያቱ እንዴት ያለች ሴት እንደ ነበረች በንጹሕ አማርኛ እነግረዋለሁ፤ ስላንቺ የምነግረው አንድም ቃል ያልተስተካከለ አይሆንም።

ምላሽሽ በጽሑፍ እስከ ከተራ ዋዜማ እንዲደርሰኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ክረምት ክረምት ለትምህርት ስሄድ በምልክልሽ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ብዬ ቀን እወስንልሽ ነበር፤ አንቺም ማንበብና መጻፍ ሳያቅትሽ አንድም መስመር ጽፈሽልኝ አታውቂም። በቀጠርሁት ቀን አንድ ከረጢት ቆሎ በመኪና ይመጣልኝ ነበር። ቆሎውን አይቼ መልስሽን ራሴ እንድገምት ነበር የምታደርጊኝ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

በተወሰነው ቀን ካልደረሰኝ ባናው በከተራ ሌሊት ለሚበርደው ይሰጣል። በመምህርነቴ ዘመን ቀኑ ያለፈበትን መልስ ከማንም ተማሪ ተቀብዬ አላውቅም። ያንቺን ግን መቼም ቢመጣ እቀበላለሁ።

ባለቤትሽ፣
ፍኖተ ሰላም፣ በታኅሣሥ።